የእማማ አልተኛሁም መደገፊያ

ሌባ እጅ ከፍንጅ ሲያዝ ያምናል። ሰካራም ሲነጋለት ያምናል። ተቀምጦ የሚተኛ ሰው ግን እያንኮራፋ ቢቀሰቅሱት እንኳ «ተኝቼ ነበር» አይልም። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ቤተሰብ የለም። በእኛ ቤት የለም የሚል ካለ ምናልባት እሱ ራሱ ነው። በስብሰባ መሃል ግንባሩ ጠረጴዛ ሊስም ሲል ቀና ብሎ «እኔም በዚህ ሐሳብ እስማማለሁ» የሚለው የመሥሪያ ቤት ባልደረባችሁ፣ ፊልሙን እኔ ካልመረጥኩ ብሎ ተሟግቶ የተዋንያኑ ስም ሳያልቅ አንገቱ የሚሰበረው አጎታችሁ፣ ሁሉም የዚህ ማኅበር አባላት ናቸው።

የማኅበሩ የዕድሜ ልክ ሊቀ መንበር ደግሞ ክብርት እማማ አልተኛሁም ናቸው። እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ ይህኛውን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። ፊት ለፊታቸው የሚጠራቸው ባይኖርም ከኋላቸው በሌላ ስም የሚጠራቸው የለም።

እማማ አልተኛሁም በአንድ ትልቅ ዳቦ ቤት ሊጥ ተቆጣጣሪ ናቸው። ወፍ ሳይንጫጫ ሥራ ይገባሉ፣ የጠዋቱ ዳቦ ተሸጦ ሲያልቅ ይወጣሉ። ሥራ ላይ ቀልድ የለም። ጣታቸውን ሊጡ ውስጥ ሰደድ አድርገው «ይቺ ገና ናት» ካሉ ገና ናት፤ ባለቤቱም ቢሆን ምድጃውን አያስከፍትም። ከዳቦ ቤቱ በር ከወጡ በኋላ ግን ቁጭ ባሉበት ሁሉ እንቅልፍ አድብቶ ይጠብቃቸዋል። ሶፋ ላይ ይተኛሉ። ጸጉር ቤት ይተኛሉ። አንዴ ጥርሳቸውን ሊታዩ ሄደው ሐኪሙ ማደንዘዣውን ሳይወጋቸው ተኙለት። ትከሻቸውን ነካ ቢያደርጋቸው፣ አፋቸው በጥጥ እንደተሞላ፣ «አልተኛሁም፤ ዓይኔን አሳረፍኩት እንጂ» አሉት።

በዚህ ጉዳይ ከእሳቸው ጋር መከራከር ከግድግዳ ጋር መከራከር ነው። እህታቸው አንድ ጊዜ ለአንገት የሚሆን ትራስ በስጦታ ብታመጣላቸው፣ አገላብጠው ካዩ በኋላ «ለማን ነው? ቤቱ ውስጥ የታመመ አለ?» ብለው ለጎረቤት ሰጡት። እህትየውንም ለብዙ ጊዜ በክፉ ዓይን ነው ያዩዋት።

ይህ ሁሉ ሳቅ ነበር፤ ሞተሩ እስኪመጣ ድረስ።

ሞተሩ የአማቻቸው ነው። አማቻቸው፣ ማለትም የሴት ልጃቸው ባል፣ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነው። ከቤት ቤት የሚዞርባትን ያገለገለች ሞተር ሲገዛ፣ ከመግዛቱ አማቱን ከሥራ የማምጣቱን ኃላፊነት በገዛ እጁ ተሸከመ። እስከዚያ ድረስ በአውቶቡስ ነበር የሚመላለሱት። አውቶቡስ ውስጥ ደግሞ እንደተኙ ሰፈራቸውን ያልፉና መጨረሻው ፌርማታ ይደርሳሉ፤ ሲመለሱም እንደዚያው ያልፉትና ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ይገኛሉ። «መንገዱ ተዘጋግቶ ነው» ይሉ ነበር።

ሞተር ግን አውቶቡስ አይደለም፤ ግድግዳ የለውም፣ መስኮት የለውም። ሌላም ጣጣ አለ። እማማ አልተኛሁም የአማቻቸውን ወገብ አይዙም። «የልጄን ባል ወገብ ልጠምጥም? ሰው ምን ይለኛል!» አሉ በመጀመሪያው ቀን፤ ነገሩም በዚያው ተዘጋ። ሄልሜታቸውን ያጠልቃሉ፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ ያደርጋሉ፣ ሁለት እጃቸውን ቦርሳው ላይ ያነባብራሉ። ከዚያም ይተኛሉ።

አማቻቸው መተኛታቸውን የሚያውቀው በጀርባው ነው። ፋርማሲው ጋ ሲደርሱ ሄልሜታቸው መጥቶ የእሱን ሄልሜት «ኳ» ያደርገዋል። ያኔ ልቡ ስፍራዋን ትለቃለች። ምክንያቱም ከፋርማሲው በኋላ ቁልቁለት ነው፤ ከቁልቁለቱ ግርጌ መንገዱ ታጥፎ ድልድይ ላይ ይወጣል፤ የድልድዩን አጥር ደግሞ አንድ መኪና ገጭቶ ከወሰደው ወዲህ የሠራው የለም። ከስር ጥልቅ የፍሳሽ ቦይ ነው። ፊቱን ወደ መንገዱ፣ አንድ ዓይኑን ወደ ስፖኪዮው፣ ጆሮውን ወደ ኋላ አድርጎ ይነዳል። አንድ ጠዋት እዚያው መታጠፊያ ላይ ከኋላው ያለው ክብደት ሲሸሽ ተሰማውና የግራ እጁን ወደ ኋላ ሰዶ ሹራባቸውን ጨመደደ።

«ምን ነካህ ልጄ? ልብሴን ምን ያስጎትትሃል?» አሉ ቀና ብለው።

«ይቅርታ እማማ። የሚወድቁ መስሎኝ ነው።»

«ለምን እወድቃለሁ? ተኛሁ እንዴ?»

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ወንድ አልተወለደም። ቤት ሲደርስ ግን ሞተሩን ለማቆም ሦስት ጊዜ ሞከረ። ሚስቱ አየችው።

«ተኝታ ነበር አይደል?» አለችው ወጥ ቤት ይዛው ገብታ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ኧረ... ዓይናቸውን አሳርፈው ነው።»

«እኔን አታሞኘኝ! ያለችኝ እናት አንድ ናት። ካልሆነ በእግሯ ትምጣ።»

«በእግራቸው ቢመጡ ቆመው ይተኛሉ።»

«እንግዲያው ንገራት! ‹ይተኛሉ፣ ይወድቃሉ፣ ይያዙኝ› በላት።»

«አንቺ አትነግሪያቸውም?»

«እኔማ ከልጅነቴ ጀምሮ ስነግራት ነው የኖርኩት። መቼ ሰምታኝ! ተኝታ።»

እሱ ደግሞ እንዴት ብሎ ይንገር? አማቱ በገቡ ቁጥር ከወንበሩ ብድግ የሚል፣ እሳቸው ባሉበት እግሩን አነባብሮ የማያውቅ ሰው ነው። እሳቸውም ከሌላው ልጅ ለይተው፣ የዳቦውን ቡናማ ጫፍ እንደሚወድ አውቀው፣ በየቀኑ ሞቅ እንዳለ በወረቀት ጠቅልለው ያመጡለታል። እንዲህ ያለችን ሴት «እርስዎ ያንኮራፋሉ» ብሎ አንገት ማስደፋት አልሆንልህ አለው። ግን «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ነውና፣ ሳይናገር የሚያድንበትን መላ ሲያውጠነጥን ሰንብቶ ሞተሩ ላይ የጀርባ መደገፊያ ለማስገጠም ቆረጠ።

መጀመሪያ የሄደው የሞተር ዕቃ መሸጫ ሱቅ ነው። ባለሱቁ ሦስት መደገፊያዎች አወረደለት። አንደኛው አጭርና ለስላሳ፣ ትራስ የሚመስል ነው። አማችየው ለማሳያ የቆመች ሞተር ላይ ወጣ፣ ጀርባውን አስደገፈ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ እንደ አማቱ ሰውነቱን ለቀቀው። መደገፊያው ወገቡ ላይ ብቻ ስለነበረ ከዚያ በላይ ያለው ሰውነቱ በላዩ ተገለበጠና ባለሱቁ ሮጦ ባይይዘው ኖሮ በአናቱ ሊተከል ነበር።

«ሰውዬ፣ ምን እየሆንክ ነው?»

«ሌላውን አሳየኝ።»

ሁለተኛው ረጅምና የሚያብለጨልጭ ነው፤ የብሎኑ ቀዳዳ ግን ከእሱ ሞተር ጋር በየትም በኩል አይገጥምም። ሦስተኛው ከፊቱ ስፖንጅ የተለጠፈበት የዕቃ ሳጥን ነው። ጀርባ ይይዛል፣ ጎን ግን ክፍት ነው።

«ለማን ነው ግን?» አለ ባለሱቁ ትዕግሥቱ አልቆ።

«ለአማቴ።»

«ለአማት ከሆነማ ያለ መደገፊያ ነው የሚሻለው!» ብሎ ባለሱቁ በራሱ ቀልድ እስኪያስለው ሳቀ። አማችየው አልሳቀም። ሄልሜቱን አንስቶ ወጣ።

የቀረው በያጁ ነው። የሰፈሩ በያጅ እጁ የተባረከ፣ አፉ ግን ወንፊት የሆነ ሰው ነው። ደጃፉ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ሥራ ያለውም የሌለውም ተኮልኩሎ ይውላል። ይባስ ብሎ የበያጁ እህት እዚያው እማማ የሚሠሩበት ዳቦ ቤት ሻጭ ናት። እዚህ የተወራ ነገር ብረቱ ሳይቀዘቅዝ እዚያ ይደርሳል። ስለዚህ ልኬቱን በስውር ማምጣት ነበረበት።

ቤታቸው ያለው ሶፋ የእማማ ጭንቅላት የሚያርፍበት ቦታ ተፈትጎ ያብለጨልጫል። ከሰዓት በኋላ ቴሌቪዥኑ እየጮኸ፣ እሳቸው እያንኮራፉ፣ አማችየው በጉልበቱ ተንበርክኮ ከመቀመጫው እስከዚያች ምልክት ድረስ በሜትር ይለካ ጀመር። ትንፋሹን ውጦ ሜትሩን በጆሮ ግንዳቸው በኩል ሲያሳልፈው ማንኮራፋቱ ቆመ።

«አልተኛሁም» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ምኔን ነው የምትለካው?»

ላብ አጠመቀው። «ሶፋውን ነው እማማ። ልብስ ልናሰፋለት።»

«ቢጫ እንዳታደርጉት» አሉና ማንኮራፋታቸውን ካቆሙበት ቀጠሉ።

በያጁም ልኬቱን አይቶ ተገረመ። «ለምንድን ነው ይሄን ያህል ቁመት?»

አግዳሚው ላይ ያሉት ሁሉ ጆሯቸውን አቀኑ። አማችየው ዘወር ብሎ አግዳሚውን አየ። «ለዳቦ ሳጥን ነው። ከዳቦ ቤት ሳጥን ላመላልስ ነው።»

«አሃ! እንዲህ በለኛ።»

«እና... ስፖንጅ ቢጤ ብትለጥፍበት።»

«ለዳቦ? ዳቦ ወገቡን ያመዋል እንዴ?» አለ በያጁ፤ አግዳሚው በሳቅ አውካካ። አማችየው ስለ ስፖንጁ ደግሞ አፉን አልከፈተም። ስፖንጁን ሚስቴ ትሰፋዋለች ብሎ ራሱን አጽናና።

በያጁ የታዘዘውን አሳምሮ ሠራ። ለሳጥን ነው በተባለው መሠረት ቀጥ ያለ፣ በሬ ቢታሰርበት የማይነቃነቅ ብረት፣ በግራና በቀኝ ገመድ የሚታሰርበት ቆልማማ መንጠቆ ያለው ነበር። አማችየው ብሎኖቹን ራሱ አጠበቀ፤ በሁለት እጁ ይዞ ወዘወዘው፤ ሞተሩ ይወዛወዛል እንጂ ብረቱ ወይ ፍንክች። ያን ቀን በደንብ እንቅልፍ ወሰደው።

በማግሥቱ እማማ አልተኛሁም ከዳቦ ቤቱ ወጥተው ብረቱን አዩት። ሊጥ በሚመረምሩበት ጣት ጫን ጫን አደረጉት።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው ልጄ?»

ውሸት አንዴ ከአፍ ከወጣ መመለሻ የለውም። «ለዳቦ ሳጥን ነው እማማ።»

ፊታቸው ፈካ። «ለዳቦ ሳጥን! እኔ እኮ ለእኛ ሰፈር ሱቅ ዳቦ የሚያደርስ ጠፍቶ ስንጨነቅ ነው የሰነበትነው። አንተ ግን ሳይነገርህ አወቅህ!» ብለው ወደ ውስጥ ተጣሩ። ከአፍታ በኋላ በዳቦ የተሞላ የፕላስቲክ ሳጥን ወጣ፤ ብረቱ ላይ ተደገፈ፤ በመንጠቆዎቹ ዙሪያ በገመድ ጠፍንገው አሰሩት። እማማ ከሳጥኑ ፊት በቀረችው ጠባብ ቦታ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ለእሳቸው የተሠራውን መደገፊያ ዳቦው ተደገፈው።

አማችየው «እማማ፣ ዛሬ ሳጥኑ ቢቀርስ» ብሎ ሞከረ።

«ምን በወጣው! ይልቅ ንዳ፣ ዳቦው ይቀዘቅዛል።»

ነዳ። ሌላ ምን ያድርግ? እንዳይተኙበት በየመታጠፊያው ክላክስ ያሰማ ጀመር። «ሰርግ ነው እንዴ?» አሉት አንዴ። ሁለተኛ አልተናገሩም። ስለ አየሩ ጠየቃቸው፤ መልስ የለም። ፋርማሲው ጋ ሲደርሱ ያው «ኳ» አለ፤ ሁለቱ ሄልሜቶች ተገናኙ። ሞተሩን ዳር ይዞ ሊያቆም ሲል ከኋላው አንድ የጭነት መኪና ጥሩምባውን እየነፋ ተጠጋው። ዳር የለም፣ መቆሚያ የለም። ቁልቁለቱን ተያያዘው። «እማማ!» ብሎ ጮኸ። «እማማ፣ ድልድዩ ነው!»

መታጠፊያው ላይ ከኋላው ያለው ክብደት ሄደ።

ፍሬን ያዘ። ሞተሩ እየተንሸራተተ ሄዶ ከድልድዩ የግራ ጠርዝ ጋር ተላትሞ ቆመ። ዘወር ሲል አማቱ አልወደቁም፤ ግን አልተቀመጡምም። የገመዱ መንጠቆ ሹራባቸውን ከማጅራታቸው በኩል አንጠልጥሎ ይዟቸዋል። አንድ እግራቸው ሞተሩ ላይ፣ ሌላው ቦዩ ላይ በባዶ አየር። ሹራቡ ክር በክር ሲተረተር ይሰማዋል። ወርዶ ሊይዛቸው አይችልም፤ እግሩን ካነሳ ሞተሩም፣ እሳቸውም፣ ዳቦውም ተያይዘው ይገባሉ። በአንድ እጁ የሹራቡን እጅጌ ጨምድዶ፣ በሁለት እግሩ መሬቱን ቆንጥጦ፣ «የሰው ያለህ!» አለ። የጭነት መኪናው ሾፌር ዘሎ ወርዶ ወገባቸውን አቅፎ መሬት ላይ አቆማቸው።

ሳጥኑ ንቅንቅ አላለም። ከላይ የነበሩ ጥቂት ዳቦዎች ብቻ ወርደው ቦዩ ውስጥ ተንሳፈፉ። እማማ ውሃው ዳቦውን ሲወስደው ቆመው አዩ።

«አልተኛሁም» አሉ። ድምፃቸው ግን የወትሮው አልነበረም።

አማችየው ሊናገር አፉን ከፈተ። ዱቄት የቀረባቸው እጆቻቸው የሄልሜቱን ማሰሪያ ሲዳብሱ አየና አንጀቱን በሉት፤ መልሶ ዘጋው። ሞተሩን እየገፋ፣ እሳቸው ከጎኑ የተተረተረ ሹራባቸውን ሰብስበው እየተራመዱ፣ በቀጥታ ወደ በያጁ ሄዱ። ንዴት መውጫ ይፈልጋል፤ የእሱም ንዴት በያጁ ላይ ወጣ።

«ይሄን ጉድ ነው የሠራህልኝ? ሰው ሊገድል ነበር!»

በያጁ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ወጣ። ብረቱን አየ፣ ገመዱን አየ። «ሳጥኑ ወደቀ?»

«አልወደቀም።»

«ብረቱ ተጣመመ?»

«አልተጣመመም።»

«ታዲያ ምንድን ነው የወደቀው?»

አማችየው ፊቱ ደም መሰለ። አማቱን በጨረፍታ አየና ዓይኑን ብረቱ ላይ ተከለ።

«እዩልኝ እስቲ!» አለ በያጁ ወደ አግዳሚው ዞሮ። «ለሳጥን ሥራልኝ አለኝ፣ ሠራሁለት። ሳጥኑ ይኸው ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሞተር መንዳት ያቃተው ሰው ብረት ሊሳደብ ይመጣል!»

«አማቱን ሊጥል ነበር እኮ» አለ አንዱ የተተረተረውን ሹራብ እያየ።

«እንዲህ ያለ አማች ለጠላትም አይስጥ» አለ ሌላው። አግዳሚው ሳቀ።

አማችየው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። አንዲት ቃል ነበረች ከዚህ ሁሉ የምታወጣው፤ ግን ከእሳቸው ስም የራሱን ስም ሊያጠፋ ቆርጦ አንገቱን ደፋ። ከእንግዲህ በሰፈሩ አማቱን የጣለ ሰው ተብሎ ይኖራል። ይኑር።

«ዝም በሉ!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

እማማ አልተኛሁም ነበሩ። ሄልሜታቸውን ገና አላወለቁም። ወደ በያጁ ሁለት እርምጃ ጠጋ አሉ።

«ልጄ ደህና አድርጎ ነው የሚነዳው። ጥፋት የለበትም።»

«ታዲያ እማማ፣ ሳጥን ብሎኝ...»

«ሳጥኑ እኔ ነኝ።»

አግዳሚው ላይ ያሉት አንገታቸውን አሰገጉ።

«ተኝቼ ነበር» አሉ እማማ አልተኛሁም።

ልጃቸው ዕድሜዋን ሙሉ ስትለምናቸው ያላሉትን፣ እህታቸው ተቀይማ ያልሰማችውን፣ የጥርስ ሐኪሙ ያላገኘውን ቃል፣ በዚያ ሁሉ ወሬኛ ፊት፣ ነገ ጠዋት ዳቦ ቤቱ እንደሚደርስ እያወቁ፣ ጮክ ብለው ተናገሩት። «ዛሬ ብቻም አይደለም። ሁልጊዜ ነው የምተኛው። ይሄ ልጅ የእኔን ስም ጠብቆ ነው ሳጥን ያለህ። በል አሁን ይሄን ቆልማማህን ንቀልና ሰው የሚደገፍበት ነገር ሥራልኝ።»

አማችየው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ስለነበር። ይህችን ሴት ከገዛ እናቱ ለይቶ እንደማያያት ያኔ ነው የታወቀው።

በያጁ ወደ ሞተሩ ሄደ። ሳጥኑን ፈታና አወረደ፣ እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ክንዳቸውን ደግፎ ሞተሩ ላይ አስቀመጣቸው። በሜትሩ ከወገባቸው እስከ ጭንቅላታቸው ለካ። ከዚያ ጠመኔውን እንደያዘ ቆመ።

«የጎኑን መያዣ የት ላድርገው? ሲተኙ ወዴት ነው የሚያዘነብሉት እማማ?»

«ተኝቼ በምን አውቃለሁ?» አሉ። በአገጫቸው ወደ አማቻቸው አመለከቱ። «እሱን ጠይቀው።»

አማችየው ከግድግዳው ዞረ።

«እስከ ፋርማሲው ድረስ ቀጥ ይላሉ» አለ። «ከዚያ አገጫቸው ደረታቸው ላይ ይወርዳል፣ ጭንቅላታቸውም ወደ ፊት ይመጣል። ቁልቁለቱ ሲጀምር ወደ ግራ ያዘነብላሉ።» እጁን ወደ ግራ አዘንብሎ አሳየ። «ድልድዩን እስክናልፍ ድረስ እኔ ወደ ቀኝ እሆንላቸዋለሁ።»